ወንበር ቤታችንን ለሠራተኞቹ የሸጥን ጊዜ

ባለቤቴ «እንሽጠው» ያለኝ ቫኑ ውስጥ ነው። ጋሃና የምትባል ጎረቤት ከተማ ላለ አንድ ቁርስ ቤት ያደስናቸውን መቀመጫዎች አድርሰን፣ የተቀደዱትን ጭነን እየተመለስን ነበር። እሱ ይነዳል፤ እኔ ከጎኑ ሆኜ ለነገ የሚቆረጠውን ጨርቅ በሐሳቤ እለካለሁ። ቀይ መብራት ላይ ቆመን ሳለን፣ ዓይኑን ከመንገዱ ሳያነሳ ነው የተናገረው።

«ምኑን?» አልኩት። ቫኑን መስሎኝ ነበር።

«ድርጅቱን።»

መብራቱ ተቀየረ፣ ከኋላችን ያለው መኪና ጡሩምባ ነፋብን፣ ነዳ።  ሥራ ቦታችን ደርሰን መቀመጫዎቹን ልናወርድ ስንል ባለቤቴ ጎንበስ ብሎ አንዱን ያዘና እዚያው እንደ ጎበጠ ቀረ። ቀና ማለት አቃተው። ሠራተኞቹ እንዳያዩት የቫኑን በር ገርበብ አድርጌ ፊት ለፊቱ ቆምኩ። ያን ጊዜ ገባኝ።

ድርጅት ስል ትልቅ ነገር እንዳይመስል። የሬስቶራንት መቀመጫ፣ የሐኪም ቤት ወንበር፣ የፀጉር ቤት ወንበር የምናለብስ ሰዎች ነበርን። ኦሃዮ ውስጥ ኮለምበስ የገባነው በፈረንጆቹ ሰማንያዎቹ መጀመሪያ ነው። እሱ አንድ ሬስቶራንት ውስጥ ሳህን ያጥብ ነበር፤ እኔ ሆቴል ውስጥ ክፍል አጸዳለሁ። አንድ ቀን አለቃው የተቀደደ መቀመጫ በፕላስተር ሲለጥፍ ያየውና «ተወው፣ ሚስቴ ትሰፋዋለች» ይለዋል። እኔን ማን ጠይቆኝ! አዲስ አበባ ስፌት ቤት ተቀጥሬ የተማሪ ዩኒፎርም ስሰፋ ኖሬአለሁ እንጂ ወንበር የሚባል ነገር ነክቼ አላውቅም። ባለቤቴ መቀመጫውን ተሸክሞ አፓርታማችን ድረስ አመጣው። አሮጌውን ልብስ ስፌቱን እየተረተርኩ አወለቅሁት፣ ወለሉ ላይ ዘረጋሁት፣ በእሱ ልክ አዲሱን ቆረጥኩ። ሥራውን የተማርኩት እንደዚያ ነው። ባለቤቴ ደግሞ ስፖንጅ መቁረጥና ጨርቁን እንጨቱ ላይ በስቴፕል መምታት ተማረ።

ከዚያ ከከተማው ዳር፣ ሬይኖልድስበርግ፣ ጋራዥ ያለው ቤት ተከራየን። ጋራዡ ሲጠበን፣ ጎረቤትም ስለ ስቴፕል መምቻው ኮምፕረሰር ጩኸት ፖሊስ ሲጠራብን፣ በከተማው ምሥራቅ በኩል ድሮ ጎማ ይሸጥበት የነበረ አዳራሽ ያዝን። እንሽጠው ባለኝ ጊዜ ሃያ የሚሆኑ ሠራተኞች ነበሩን። ፎርማናችን ከኦሃዮ ደቡብ፣ ከኮረብታማው አገር የመጣ ረጅም ነጭ ሰውዬ ነው። የሚሠራበት የቤት ዕቃ ፋብሪካ ተዘግቶበት ነው እኛ ጋ የመጣው። ንግግር አይወድም፤ መቀስ ሲይዝ ግን እጁ አይሳሳትም። አበሾችም ነበሩ። ከእነሱ አንዷ በዲቪ የመጣች፣ መጀመሪያ መጋዘን ውስጥ ሣጥን ስታነሳ የኖረች ልጅ ናት። ስፌት እኔ ነኝ ያስተማርኳት። እትዬ ነው የምትለኝ፤ ባለቤቴን ጋሼ።

እኔና ባለቤቴ ያን ሁሉ ዓመት የምናወራው ሥራ ነበር። መኪና ውስጥ ሥራ፣ እራት ላይ ሥራ። ቡናማው ቪኒል ቆዳ አልቋል፣ የጥርስ ሐኪሙ ኮል አድርጓል፣ እገሌ ዛሬም አርፍዶ ገባ። ወሬያችን ማለቂያ ስላልነበረው ብዙ የምንነጋገር ባልና ሚስት እንደሆንን አምን ነበር።

አንድ ልጅ አለችን። በዚያን ጊዜ ሌላ ስቴት ኮሌጅ ገብታለች። ደውዬ አባቷ ያለውን ነገርኳት። እኔ በአማርኛ ሳወራ እሷ እንደ ልማዷ በእንግሊዝኛ ትመልሳለች።

«አንቺ አትፈልጊውም ወይ?» አልኳት።

«ማሚ፣ እኔ ወንበር አልፈልግም» አለች። ቀጥላም እንዳዘንኩ ገብቷት መሰለኝ «አሪፍ ወንበሮች ናቸው ግን» ብላ ጨመረች።

መጀመሪያ የመጣው ገዢ ከሌላ ከተማ የመጣ፣ የእኛኑ ዓይነት ሥራ በትልቁ የሚሠራ ኩባንያ ነው። የላኩት ሰውዬ ጫማው ያበራል፣ ጨዋ ነው። አዳራሹን ዞረ። የስፌት መኪናዎቹን አላየም፣ የሠራተኞቹን እጅም አላየም። የጠየቀው ደንበኞቻችን እነማን እንደሆኑ ብቻ ነው። ፎርማኑ አጠገብ ሲደርስ ሰላም አለው፤ ፎርማኑም ቀና ብሎ አየውና ወደ መቁረጡ ተመለሰ። ሰውዬው ቢሮ ሲገባ ጠየቅሁት።

«ሰዎቹንስ ምን ታደርጓቸዋላችሁ?»

«ወደ እኛ መምጣት የሚፈልግ ማመልከት ይችላል» አለኝ። የእነሱ ፋብሪካ በመኪና የብዙ ሰዓት መንገድ ነው። አዳራሹን ሊዘጉት እንደሆነ የገባኝ ያኔ ነው።

ባለቤቴ ግን ሊፈርም ዝግጁ ነበር። እኔ እንቢ አልኩ። ለብዙ ቀን በዚሁ ስንነታረክ ቆይተን፣ ሒሳባችንን የሚሠራልን አካውንታንት «ለምን ለሠራተኞቹ አትሸጡትም?» አለን። ሳቅሁ። የቤት ኪራይ ለመክፈል የሚንገዳገዱ ሰዎች በምን ይገዙታል? ሰውዬው ግን ወረቀት አውጥቶ እየሣለ አስረዳን። ትረስት የሚባል ይቋቋማል። ትረስቱ ከባንክ ተበድሮ ድርጅቱን ከእኛ ይገዛና ለሠራተኞቹ ይይዝላቸዋል። ብድሩ ድርጅቱ ከሚያተርፈው ይከፈላል፤ ሠራተኞቹ ከኪሳቸው አይጠየቁም። ብድሩ እየተከፈለ ሲሄድ የእያንዳንዱ ሠራተኛ ድርሻ በስሙ እያደገ ይሄዳል፤ ሥራ ሲለቅ ወይም ጡረታ ሲወጣ ይወስደዋል። አዳራሹ አይዘጋም፤ ሥራውም እዚያው ይቀጥላል።

እኔ ወዲያው ወደድኩት። ባለቤቴ ወረቀቱን ገልበጥ አደረገው። በአማርኛ ነው ያናገረኝ፣ አካውንታንቱ እንዳይሰማ።

«ለማናውቀው ሰው ብንሸጥ ሄደን እንረሳዋለን» አለኝ። «ለእነዚህ ከሸጥን ግን እዚሁ አጠገባችን ይሆናል፤ የእኛም አይሆንም። ትችይዋለሽ?»

«እችለዋለሁ» አልኩት። ያልኩት ከልቤ ነው። አላወቅሁትም እንጂ።

ለሠራተኞቹ የነገርናቸው ምሳ የሚበሉበት ክፍል ውስጥ ነው። ሽያጩን የያዘልን ሎየር ቆሞ አስረዳ። ሁሉም እጁን አጣጥፎ ሰማው። ሲጨርስ ጥያቄ አለ ወይ ቢል፣ ከስቴፕል መቺዎቹ አንዱ እጁን አወጣ።

«ታዲያ የሚዘጋው መቼ ነው?»

ሎየሩ እንደ ገና ከመጀመሪያው ጀመረ። ፎርማኑ ሳይጨርስለት ተነስቶ ወጣ፤ ወዲያው የመቁረጫው ማሽን ድምፅ ተሰማ።

አበሾቹን ለብቻ ሰብስቤ በአማርኛ ልንገራቸው አልኩ። ትረስት የሚለውን ቃል እንዴት ልበለው? አደራ ነው አልኳቸው። ድርጅቱን በአደራ ይዞላችሁ እናንተ ባለቤት ትሆናላችሁ አልኩ። ያቺ ስፌት ያስተማርኳት ልጅ ትክ ብላ ታየኛለች።

«እትዬ፣ አሞዎታል እንዴ?» አለችኝ።

«ኧረ ምንም አላመመኝም።»

«ደብቀውን ነው። ጤነኛ ሰው ሥራውን ይሰጣል?»

«አልሰጠሁም፣ ሸጥኩ እንጂ።»

«ለማን?»

«ለእናንተ ነዋ!»

«እኛ ምን አለንና?» አለች፤ ሌሎቹ ሳቁ። እሷ ግን አልሳቀችም። «አደራውን የሚይዘው ማን ነው ታዲያ?»

«ባንክ ነው።»

«ባንክ አደራ ያውቃል?» አለች።

ከዚያ ቀን በኋላ የመጣውን ነገር ማንም አላስጠነቀቀኝም። ትረስቱ ሠራተኞቹን ወክሎ ከእኛ ጋር ዋጋ ስለሚደራደር፣ ሎየራችን ስለ ሽያጩ ከሠራተኛ ጋር እንዳናወራ አዘዘን። እነሱም ከእኛ ጋር እንዳያወሩ ተነግሯቸዋል። እኔ ድሮ ምሳዬን ይዤ ከሴቶቹ ጋር ነበር የምቀመጠው። የአንዷን ሩዝ እቀምሳለሁ፣ ሽሮዬን አቀምሳታለሁ። አሁን ስገባ ወሬው ይቋረጣል። ጠላትነት አይደለም። ፈገግ ይሉልኛል፣ ቦታ ይለቁልኛል፣ ስለ አየሩ ያነሳሉ። ከዚያ ሹካ ሳህን ሲነካ ብቻ ይሰማል። ጥቂት ቀን ታገስኩና ምሳዬን ቢሮ ውስጥ መብላት ጀመርኩ። በመስታወቱ አያቸዋለሁ። እኔ ከሄድኩ በኋላ ሲስቁ አያለሁ። ለእነሱ ብዬ ያደረግሁት ነገር ከእነሱ እንደሚለየኝ አስቀድሞ ማንም ቢነግረኝ አላምነውም ነበር።

ባለቤቴ ይህን ሁሉ አያይም። ጀርባው ስለከፋ እቤት መቅረት አብዝቷል። ማታ ስገባ «እንዴት ነበር?» ይለኛል፤ «ደህና ነው» እለዋለሁ። ነገሩ ሎየር ዘንድ ስለሆነ ሁለታችንም የምንጨምረው አልነበረንም።

የፈረምነው ክረምቱ ሊያልቅ አካባቢ፣ ዳውንታውን አንድ ፎቅ ላይ ነው። በመስኮቱ ወንዙ ይታያል፣ ጠርዝ ጠርዙ ላይ በረዶ አለው። ፎርማኑ የድርጅቱ ፕሬዚዳንት እንዲሆን ተመርጧል። ሱፍ ለብሶ መጣ፣ እጅጌው አጥሮታል። አብረን በሠራንበት ዘመን ሁሉ ሲያገኘኝ አንገቱን ይነቀንቃል እንጂ ጨብጦኝ አያውቅም። የዚያን ቀን ጨበጠኝ። እጁ ልክ እንደ እኔ እጅ መርፌ የወጋው ነው፣ ሻካራ ነው። ወረቀቱ ብዙ ነበር።

ሲያልቅ ፎርማኑ ሰዓቱን አየና «የሆስፒታሉ ወንበሮች ነገ መድረስ አለባቸው፣ ልሂድ» አለ። እኔም ኮቴን ይዤ ተነሳሁ፣ አብሬው ልሄድ። ሎየሩ ክንዴን በቀስታ ያዘኝ።

«ዛሬን ለእነሱ ተዉላቸው» አለኝ።

ፓርኪንጉ ውስጥ መኪናችን ውስጥ ገብተን ተቀመጥን። ባለቤቴ ቁልፉን አስገባና አላስነሳውም።

«የት እንሂድ?» አለኝ።

በሥራ ቀን፣ በእኩለ ቀን፣ የምንሄድበት አጥተን አናውቅም። አንድ ካፍቴሪያ ሄድን። ትሪ ይዘን ተሰለፍን፣ ሾርባ ወሰድን፣ መስኮት ዳር ተቀመጥን።

«ሾርባው ጥሩ ነው» አለ።

«ጥሩ ነው» አልኩት።

ዙሪያችን ያሉት ሁሉ ሽማግሌዎች ነበሩ፤ ጥንድ ጥንድ ሆነው ዝም ብለው ይበላሉ። አየኋቸውና ልናገር አፌን ከፈትኩ። ስለ ሆስፒታሉ ወንበር ልነግረው ነበር። አይመለከተንም ለካ። አፌን ዘጋሁ። ባለቤቴም እንደዚያው አፉን ከፍቶ ሲዘጋ ያየሁት መሰለኝ። ሾርባችንን ጨረስን። ከዚያ ወደ ቤት ሄድን።

በውሉ መሠረት እኔ አንድ ዓመት በአማካሪነት እቆያለሁ። የስፌት መኪናዬን ለዚያች ስፌት ላስተማርኳት ልጅ ስጧት ያልኩት እኔው ነኝ። ለእኔ ጠረጴዛና ስልክ ሰጡኝ። ስልኩ ብዙ አይጮህም። ፎርማኑ በመጀመሪያዎቹ ወራት እየመጣ «ምን ታስቢያለሽ?» ይለኛል። እነግረዋለሁ፣ ይሰማኛል፣ አመስግኖ ይሄዳል። ከዚያ ሚቲንግ ይቀመጡና እነሱ ያሰቡትን ያደርጋሉ። እየዋለ ሲያድር ጥያቄውም ቀነሰ።

አንድ ቀን ደንበኛችን የነበረ፣ ትንሽ ቁርስ ቤት ያለው ሰውዬ እቤቴ ደወለልኝ። «ምን አድርጌያችሁ ነው?» ይለኛል። መቀመጫው ተቀዶበት ቢደውል አንሠራም ብለውታል። በማግሥቱ ፎርማኑ ቢሮ ገባሁ። የእኔ ቢሮ የነበረው ነው። ለመቀመጥ ወደ ለመድኩት ወንበር ሄድኩና እሱ እንደተቀመጠበት አየሁ፤ ፊት ለፊቱ ተቀመጥኩ።

«ኒው አልባኒ በኩል የሚከፈቱት አዳዲስ ቢሮዎች ብዙ ወንበር አላቸው» አለኝ። «ወንበሮቻቸው ቀላል ናቸው፣ አንድ ሰው ያነሳቸዋል። የትንንሾቹን ምግብ ቤቶች ሥራ ለመተው ሁላችንም ተስማማን።»

«እሱ ግን ከጋራዡ ጀምሮ ደንበኛችን ነው።»

«አውቃለሁ።»

«እኔ ብሆን እሰፋለት ነበር።»

መሬት መሬት እያየ ቀስ ብሎ «የባልሽን ጀርባ የሰበረው ይኼው ነው» አለኝ።

ክፋት አልነበረበትም። እውነቱን ነው። ወጥቼ ጠረጴዛዬ ጋ ተቀመጥኩ። የሰውዬውን መቀመጫ እቤት ወስጄ በእጄ ሰፋሁለት፤ ቤት ውስጥ የቀረችኝ ትንሽ የስፌት መኪና ለቪኒል አትሆንም ነበር። ጣቴ እስኪላጥ ሰፋሁት። ሰውዬው መጥቶ ሲወስደው እኔና እሱ ተሸክመን ጫንነው፤ ባለቤቴ በር ላይ ቆሞ አየን እንጂ አልተጠጋም።

ባለቤቴ በዚያን ጊዜ ጠዋት ጠዋት መኪናውን ይዞ መውጣት ጀምሮ ነበር። የት ሄደህ ስለው «ኤርፖርቱ ጋ፣ ፕሌን ሲነሳ አይቼ መጣሁ» ይለኛል። ከዚህ ሌላ አይልም። እኔም አልጠይቅም።

አንድ ቀን ያቺ ልጅ ስልክ ደወለችልኝ። ሥራ ቦታ ሳለሁ ልትነግረኝ አፍራ ነው፣ እቤት ነው የደወለችው። ድምፅዋ ዝቅ ብሏል።

«እትዬ፣ ልንገርዎት አልንገርዎት ብዬ ሳስብ ነው የሰነበትኩት። ጋሼ እርስዎ በሌሉበት ቀን መጥተው ነበር።»

«የት?»

«ሾፑ። ሥራ ለመጠየቅ።»

አልገባኝም። ደግማ ነገረችኝ። ባለቤቴ ሸሚዙን ተኩሶ ለብሶ መጥቶ፣ ፎርማኑን ቫን ልንዳላችሁ ብሎታል። የማይከብድ ነገር ብቻ እያደረስኩ፣ ለግማሽ ቀንም ቢሆን፣ ብሎታል። ፎርማኑ ፊቱ ቀላ፣ ከዚያ ኢንሹራንሱ በጀርባው ምክንያት እንደማይፈቅድለት ነገረው። እመኪናው ድረስ ሸኘው። ተመልሶ ሲገባ ምሳም አልበላም።

«ጋሼ ምንም አልከፋቸውም» አለችኝ። «ሁላችንንም ሰላም ብለው ነው የሄዱት።»

ስልኩን ዘጋሁ። ባለቤቴ ሳሎን ቴሌቪዥን ያያል። እንሽጠው ያለው እሱ ነው። ልጠይቀው ሄድኩ፣ ከኋላው ቆምኩ፣ የሸሚዙን ኮሌታ አየሁ። እሱ ራሱ ነው የተኮሰው፣ አንዱ ጎን ተጨማድዷል። ስንት ዓመት ሸሚዙን የተኮስኩለት እኔ ነኝ፤ የዚያን ቀን ግን እንዳልጠይቀው ራሱ ተኩሷል።

«ሻይ ላፍላልህ?» አልኩት።

«አፍዪ» አለኝ።

ሻዩን ጠጣን። እንደማውቅ አልነገርኩትም። ከነገርኩት የሚያፍር መሰለኝ። ሳልነግረው ደግሞ እኔም ብቻዬን ቀረሁ፣ እሱም ብቻውን ቀረ፤ አንድ ሶፋ ላይ ተቀምጠን።

ዓመቱ ሲያልቅ ኬክ ቆረሱልኝ። ትልቅ ኬክ ነው፣ ወንበር ተስሎበታል። ሴቶቹ አቀፉኝ። ያቺ ልጅ አለቀሰች። ቁልፌን ለፎርማኑ ሰጠሁት። በማግሥቱ በልማዴ ማልጄ ተነስቼ ለብሼ፣ ጫማዬን ካሰርኩ በኋላ ነው ትዝ ያለኝ። ጫማዬን አወለቅሁና እቃ ማጠብ ጀመርኩ። የታጠበ እቃ ነበር።

ቤተ ክርስቲያን ሰው ሲያገኘኝ «ተገላገላችሁ!» ይለኛል። «በዚህ ዕድሜ እንዲህ ማረፍ የእግዚአብሔር ስጦታ ነው» ይላሉ። ሌሎቹ በድርብ ሥራ የሚንከራተቱ ናቸውና፣ ከፋኝ ብላቸው ነውር ነው። አሜን እላለሁ። አንዲት የማከብራት ሴት እጄን ይዛ «ለእነዚያ ሰዎች ያደረጋችሁት ነገር ይባርካችሁ» ስትለኝ ግን ማልቀስ አማረኝ። ያደረግነውን አልተጸጸትኩበትም። ዛሬም አልጸጸትም። የምለው የሚሰማኝ ሰው ብቻ ነው ያጣሁት።

ድርጅቱ በደንብ ሄደ። ለቢሮ ወንበሮቹ ብለው ተጨማሪ ሰው ቀጠሩ። በሁለተኛው ዓመት በጋ ላይ፣ ሠራተኞቹ ከነቤተሰባቸው አንድ ፓርክ ውስጥ ምግብ ሊያዘጋጁ ነው ብለው እኛንም ጠሩን። ባለቤቴ አልሄድም ይላል ብዬ ነበር። «እንሂድ» አለ።

ስንደርስ የማናውቃቸው ሰዎች ብዙ ናቸው። ልጆች ይሯሯጣሉ፣ ከጥብሱ ጢስ ይወጣል። አንዲት ወጣት ነጭ ሴት ሳህን ሰጠችኝ።

«ባልሽ ነው እዚህ የሚሠራው?» አለችኝ።

«አይ» አልኳት። «ድሮ እንሠራ ነበር።»

«ኦ፣ የትኛው ክፍል?»

«ስፌት» አልኩ። ደስ ብሏት እሷም ስፌት እንደሆነች ነገረችኝ። ማን እንዳስተማራት ስጠይቃት ያቺን ልጅ በጣቷ አሳየችኝ። ከዚያ በላይ አላልኳትም።

ከምግብ በኋላ ፎርማኑ አግዳሚ ወንበር ላይ ወጣ። ንግግር የማይወደው ሰው ወረቀት ሳይዝ አወራ። የዓመቱ ሥራ ጥሩ እንደነበረ፣ የድርሻቸው ወረቀት በሚቀጥለው ሳምንት እንደሚደርሳቸው ተናገረ። መጀመሪያ ላይ አላምን ብሎ ሚቲንጉን ረግጦ እንደወጣም ተናገረ፤ ሳቁ። እኛንም አመሰገነ፣ አጨበጨቡልን። ቀጥሎ ድምፁን ከፍ አድርጎ «እስቲ የዚህ ድርጅት ባለቤቶች በሙሉ ተነሱ፣ ልጆቻችሁ ይዩአችሁ!» አለ።

ሁሉም ተነሱ። ስቴፕል መቺዎቹ፣ ሴቶቹ፣ ሾፌሩ፣ ሳህን የሰጠችኝ ወጣት ሳትቀር። ያቺ ልጅ ሕፃኗን ታቅፋ ተነሳች፤ ባሏ አጠገቧ ተቀምጦ ቀና ብሎ ያያታል። ሳሩ ላይ ቁጭ ብለን የቀረነው ልጆቹ፣ የሠራተኞቹ ባሎችና ሚስቶች፣ እኔና ባለቤቴ ነን። ከተቀመጥኩበት ሆኜ ሁሉንም ከእግራቸው እስከ ራሳቸው አየኋቸው። ረጃጅም መሰሉኝ። አጨበጨብኩ፤ ባለቤቴም አጨበጨበ።

ስንመለስ ነዳሁ፤ በዚያን ጊዜ መንዳት የኔ ሆኖ ነበር። ከፓርኩ እንደወጣን ተናገረ።

«እኔ እኮ ያን ሥራ አንድም ቀን ወድጄው አላውቅም።»

መኪናውን ላቆም ትንሽ ቀረኝ። «ምን?»

«ስፖንጅ፣ ስቴፕል። አቧራው። አልወደውም ነበር።»

«ታዲያ ለምን ሥራ ስጡኝ ብለህ ሄድክ?»

አምልጦኝ ነው። ዞር ብሎ አየኝ። ማን ነገረሽ አላለም።

«ምን እያልኩ ልዋል?» አለኝ። «አንቺ ስትገቢ የምነግርሽ የለኝም። እዚያ ብውል ማታ የማወራሽ ይኖረኛል ብዬ ነው።»

እሱም እንደ እኔ ነበር ማለት ነው፣ ያን ሁሉ ጊዜ። መጽናናት ይገባኝ ነበር። የተሰማኝ ግን ከፍተኛ ድካም ነው፤ ስንቱን ወር እንዲያ እንዳሳለፍነው ሳስበው። በስተቀኝ በኩል የበቆሎ እርሻውን አልፈን ወደ ሬይኖልድስበርግ ገባን።

«ልጆቹ ቆንጆዎች ናቸው» አልኩት በመጨረሻ።

«ቆንጆዎች ናቸው» አለኝ።

እቤት ደርሰን መኪናውን ካጠፋሁት በኋላ ሁለታችንም ወዲያው አልወረድንም። እሱ ቀበቶውን እንደታጠቀ ስለ አባቱ ማውራት ጀመረ። አባቱ አናጺ ነበሩ፤ ይህንን አውቃለሁ። ከእንጨት ሥራ ለመሸሽ ብሎ ትምህርቱን እንደገፋ፣ ባሕር ማዶም የመጣው ለዚያ እንደሆነ ግን ነግሮኝ አያውቅም። ብዙ አላወራም፤ ጥቂት ነገር ተናግሮ አቆመ። እኔም ቀጥል አላልኩትም። ቀበቶውን ፈታሁለት፣ ጀርባው እንዳይጎዳ በዝግታ ወረደና፣ ክንዴን ይዞ ገባን።